ይደገም! ዊንድሚል እንዴት እንደተወለደ

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

መድረኩ ጥግ ላይ ሦስት ወጣቶች ቁጭ ብለው ታያላችሁ። አጠገባቸው የተጠቀለለ የፕላስቲክ ምንጣፍ አለ። እኔ ስጨርስ ምንጣፉን ዘርግተው ያሳዩናል። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ሁሉ ለእነሱ መግቢያ ነው።

ይዤ የመጣሁት አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ስሙ ዊንድሚል ነው፤ የነፋስ ወፍጮ ማለት ነው። ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ዳንሰኛው መሬት ላይ ይገባል። እግሮቹን እንደ መቀስ ከፍቶ አየር ላይ ያዞራል። ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው በላይኛው ጀርባው ይንከባለላል፣ በደረቱ በኩል ይገለበጣል፣ ደግሞ ጀርባው ላይ ይመለሳል። እግሮቹ መሬት አይነኩም። እንደዚያ እያለ ሳይቆም ይዞራል፤ አምስት ጊዜ፣ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ።

እኛ ሀገር ተመልካች አንድ ነገር ሲማርከው ‹‹ይደገም!›› ብሎ ይጮኻል። የዛሬው ወሬዬ በሙሉ በዚች ቃል ውስጥ አለች። ዊንድሚል የተወለደው ከመድገም ነው። መጀመሪያ ሙዚቃው ተደገመ። ከዚያ ሰውነት ያንን መድገም ተማረ።

የምጠራቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ከቃሉ እንነሳ። እኛ ‹‹ብሬክ ዳንስ›› እንላለን። ልጅ ሆኜ ‹‹ብሬክ›› ሲባል አጥንት መስበር ይመስለኝ ነበር። እናቴም እንደዚያ ነበር የሚመስላት፤ ስትቆጣኝ ‹‹ይሄ ሰባራ ጭፈራ›› ትለው ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ብሬክ የዘፈን ክፍል ነው። በፈንክና በሶል ዘፈኖች መሀል ድምፃዊው ዝም የሚልበት፣ ጥሩምባውም የሚያርፍበት፣ ከበሮው ብቻውን የሚቀርበት ቦታ አለ። አንዳንዴ ቤዝ ጊታር ይከተለዋል። ብዙ ጊዜ ጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ነው። ብሬክ እሱ ነው። በዚያ ክፍል ላይ የሚጨፍሩት ልጆች ቢ-ቦይ እና ቢ-ገርል ተባሉ። ጭፈራውን ራሳቸው ‹‹ብሬኪንግ›› ይሉታል። ‹‹ብሬክ ዳንስ›› የሚለውን ስም ያሰራጩት በኋላ የመጡት ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖች ናቸው።

ቦታው ብሮንክስ ነው፣ ኒውዮርክ። ክሮስ ብሮንክስ የሚባለው ፈጣን መንገድ ሰፈሮችን ሰንጥቆ አልፏል። በ1970ዎቹ በደቡብ ብሮንክስ ሕንፃዎች በየጊዜው ይቃጠሉ ነበር። አቅም ያለው ሰው ለቆ ወጣ። የቀሩት በአብዛኛው ጥቁር አሜሪካውያን፣ ከፖርቶ ሪኮና ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ።

ኦገስት 11 ቀን 1973 ሲንዲ ካምቤል የምትባል ልጅ ሴድግዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 ላይ ባለው የመኖሪያ ሕንፃቸው አዳራሽ ፓርቲ አዘጋጀች። ትምህርት ሊከፈት ነው፤ ልብስ መግዣ ፈልጋ ነበር። ሙዚቃ ያጫወተው ወንድሟ ክላይቭ ነው። በኪንግስተን፣ ጃማይካ የተወለደ፣ ያኔ የ18 ዓመት ወጣት። ዓለም ዲጄ ኩል ሄርክ ብሎ ያውቀዋል።

ሄርክ ተመልካቹን ያያል። ልጆቹ ዘፈኑ ሲጀምር ጥግ ይዘው ይቆማሉ። ብሬኩ ሲመጣ ዘለው ይገባሉ። ግን ገና ከመሞቃቸው ብሬኩ ያልቃል። ሄርክ ምን አደረገ? አንዱን ሸክላ ሁለት ቅጂ ገዛ። በአንዱ ማጫወቻ ላይ ብሬኩ ሲያልቅ በሁለተኛው ላይ ያንኑ ብሬክ ያስነሳል። ያም ሲያልቅ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ጥቂት ሴኮንድ የነበረው ደቂቃዎች ሆነ። ለዚህ ዘዴው ሜሪ ጎ ራውንድ የሚል ስም ሰጠው፤ ልጆች የሚሳፈሩበት የሚዞረው መጫወቻ ማለት ነው።

ይህን ስም ያዙልኝ። ሙዚቃው ራሱ መዞር ጀምሯል። ሰውነት ገና አልጀመረም።

የሄርክ ጊዜ ጭፈራ በአብዛኛው የቆመ ነበር። የፈንኩ ድምፃዊ ጄምስ ብራውን ትልቁ አርአያ ነው። ኪት እና ኬቨን ስሚዝ የተባሉ መንትዮች በሄርክ ፓርቲዎች ላይ ስማቸው የገነነ ነበር። ልጆቹ ቆመው ይረግጣሉ፣ ድንገት መሬት ይነካሉ፣ ይነሳሉ። ቀስ በቀስ የመሬቱ ጨዋታ እየሰፋ ሄደ። እጅ መሬት ላይ፣ እግር በዙሪያው የሚሮጥበት ፉትወርክ መጣ። ሰውነትን ድርቅ አድርጎ መቆም፣ ፍሪዝ የሚሉት፣ መጣ። በጀርባ መሽከርከር፣ ባክስፒን፣ መጣ። ግን እነዚህ ሁሉ መጨረሻ ነበራቸው። ትሽከረከራለህ፣ ፍጥነቱ ያልቃል፣ ትቆማለህ።

አሁን ዊንድሚልን ወደ ፈጠረው ልጅ እንምጣ።

ሪቻርድ ኮሎን በ1966 ብሮንክስ ውስጥ ከፖርቶ ሪኮ ቤተሰብ ተወለደ። ጭፈራውን ያስተማሩት ወንድሙና ዘመዱ ሌኒ ሌን ናቸው። የዳንስ ስሙ ክሬዚ ሌግስ ነው፤ ‹‹እብድ እግሮች›› እንበለው። እሱ በደረሰበት ጊዜ ጭፈራው እየሞተ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቢ-ቦዮች አድገዋል። ብዙዎቹ ‹‹ይሄማ ያለፈበት ነው›› ብለው ትተውታል። በእልህ የያዙት ታናናሾቹ ናቸው፤ አብዛኞቹም የፖርቶ ሪኮ ልጆች። በ1977 ጂሚ ዲ እና ጆጆ የሚባሉ ሁለት ልጆች ሮክ ስቴዲ ክሩ የተባለውን ቡድን መሥርተው ነበር። ክሬዚ ሌግስ በ1979 ገባ። ቤተሰቡ ወደ ማንሃተን ሲዛወር ጭፈራውን ይዞት ሄደ። አዲስ ሰፈር፣ አዲስ ልጆች። ኬን ስዊፍት መጣ፣ ፍሮስቲ ፍሪዝ መጣ። በ98ኛ መንገድና በአምስተርዳም ጎዳና ማዕዘን ላይ ያለች የመጫወቻ ሜዳ ዋና መናኸሪያቸው ሆነች። ዛሬም ሰው ‹‹ሮክ ስቴዲ ፓርክ›› ይላታል።

ይህ ሁሉ የልጆች ሥራ መሆኑን አንርሳ። አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ዓመት። አሠልጣኝ የለም፣ ጂም የለም፣ መስታወት የለም።

ክሬዚ ሌግስ ራሱ እንደሚናገረው ዊንድሚል በልምምድ ላይ የመጣ ስህተት ነው። ከፍሪዝ ወደ ባክስፒን ሊገባ ነው። ክርኑን ጎኑ ላይ ተክሎ ቆሟል፤ ከዚያ ወደ ጀርባው ይጥላል፣ ይሽከረከራል። እንደ ወትሮው መሆን የነበረበት ይሄ ነው። ግን የወረወረው እግር ኃይሉ በዛ። ጀርባው ላይ መቆም ሲገባው አለፈ። ተገለበጠ። ወደ ተነሳበት ቦታ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ለእኔ ጉዳዩ በሙሉ እዚህ ነው ያለው። ከእሱ በፊት በብሮንክስ ሜዳዎች ስንት ልጅ እንደዚህ አሳልፎ ተንከባሎ ይሆን? አስቡት። ባክስፒን የሚለማመድ ልጅ ይንከባለላል፤ አይቀርም። ይነሳል፣ ሱሪውን ያራግፋል፣ ‹‹አልተሳካም›› ይላል፣ እንደገና በትክክለኛው መንገድ ይሞክራል። ይሄኛው ልጅ የተሳሳተውን ደገመው። ወደ ተነሳሁበት ቦታ ከተመለስኩ ደግሜ መነሳት እችላለሁ ማለት ነው፤ እንዲህ ብሎ ያሰበ ይመስለኛል። ሄርክ በሁለት ሸክላ ያደረገውን ይሄ ልጅ በአንድ ጀርባ አደረገው። መጨረሻውን ከመጀመሪያው ጋር ሰፋው።

ለዚህ ጥሩ ምስክር አለኝ። እንቅስቃሴው መጀመሪያ ዊንድሚል አልተባለም። ‹‹ኮንቲኒዩስ ባክስፒን›› ነበር የተባለው፤ የማያቋርጥ ባክስፒን። ፈጣሪዎቹ ያዩት ወፍጮ አይደለም። ያዩት አለማቋረጡን ነው። ወፍጮውን ያየው ከውጭ የሚመለከተው ነው። ፈረንሳዮች ደግሞ ‹‹ኩፖል›› ብለውታል፣ ጉልላት። እግሮቹ አየር ላይ የሚሠሩትን ቅርጽ አይተው ነው። ሲያምር!

እንዴት ነው የሚሠራው? ሁለት ነገር አስቡ፤ እንዝርትና ወንጭፍ።

ባክስፒን እንዝርት ነው። ዳንሰኛው እግሩን ወደ ደረቱ ይሰበስባል፣ ሰውነቱ አንድ ጠባብ ዘንግ ይሆናል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል። እንዝርት ቀጭን ስለሆነ ነው የሚፈጥነው። ግን እንዝርትን ማንም ካልነካው ቀስ ብሎ ይቆማል።

ዊንድሚል ወንጭፍ ነው። ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፍ ሲያዞር አይታችኋል። ክብደቱ ያለው ጫፉ ላይ ነው፤ ክንዱ ትንሽ ብቻ ይነቃነቃል፣ ድንጋዩ ግን ትልቅ ክብ ይሠራል። በዊንድሚል ድንጋዩ እግር ነው። እግሮች ረጅምና ከባድ ናቸው። ተከፍተው ሲወረወሩ ይዘው የሚሄዱት ኃይል ገላውን በሙሉ ይጎትታል። ጀርባ ላይ ሲደረስ የሚነካው የላይኛው ጀርባ ብቻ ነው፤ እሱም ክብ ስለሆነ ይንሸራተታል። ከዚያ ፊት ወደ መሬት ሲዞር እጆች ይቀበላሉ። አንዱ ክርን ከእምብርት አጠገብ፣ ከዳሌ አጥንት በላይ ይተከላል። ይህን ‹‹ስታብ›› ይሉታል፣ መውጋት። ክርኑ ገላውን ለአንድ አፍታ ከመሬት ያነሳዋል። በዚያች አፍታ እግር እንደገና ይወረወራል። ልክ ወንጭፉ በየዙሩ ትንሽ ጉልበት እንደሚቀበለው ማለት ነው። እንዝርቱ ያጣው ይህን ነው። ስለዚህ እንዝርቱ ይቆማል፣ ወንጭፉ አይቆምም።

ጀማሪ የሚሳሳተው የት ነው? እግሩን ይሰበስባል። ሰው ሲፈራ እጁንም እግሩንም ወደ ራሱ ይሰበስባል፤ ተፈጥሮ ነው። እዚህ ግን ከሰበሰብክ ዳሌህ ይወድቃል፣ ወገብህ መሬት ይመታል፣ ዙሩ ይሞታል። ፈርተህም መክፈት አለብህ።

እኔ ይህን ያወቅሁት በሕመም ነው። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ጎረቤት ፍሪጅ ገዝተው ካርቶኑን ለመንናቸው። ሰጡን። ግቢ ውስጥ ዘረጋነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የግራ ትከሻዬና የዳሌ አጥንቴ ጠቁሮ ከረመ። ማታ በጎኔ መተኛት አልችልም ነበር። አራት ዙር ሳልቆም የዞርኩበትን ከሰዓት እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ጓደኞቼ ምን ብለው እንደጮኹ ታውቃላችሁ? ‹‹ይደገም!››

ካርቶኑን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ሰዎች ስለ ፓወር ሙቭ፣ እንደ ዊንድሚል ገላን በኃይል ስለሚያሽከረክሩት እንቅስቃሴዎች፣ ሲያወሩ ስለ ጡንቻ ብቻ ያወራሉ። ስለ መሬቱ አያወሩም። ባዶ አስፋልት ላይ በጀርባ መዞር ልብስ ይቀዳል፣ ቆዳ ይልጣል። የኒውዮርክ ልጆች ካርቶን ዘረጉ። ካርቶን ሲያልቅ ለወጥ ቤት ወለል የሚነጠፈውን ሊኖሊየም ጠቅልለው በትከሻቸው ተሸክመው ዞሩ። የሚያንሸራትት የናይለን ጃኬት ለበሱ። የዚያን ጊዜ ፎቶዎች ላይ የምታዩት ጃኬት ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ የሥራ ልብስ ነበር። የሚያንሸራትት ወለልና የሚያንሸራትት ጀርባ ባይገናኙ ኖሮ ዊንድሚል ሁለት ዙር አይዘልቅም ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ‹‹ይሄ እኮ ድሮም ነበረ›› የሚል ሰው አለ። እውነት አለው።

በቻይና ማርሻል አርትና በፔኪንግ ኦፔራ ውስጥ ዉሎንግ ጂያኦጁ የሚባል እንቅስቃሴ አለ፤ ጥቁር ዘንዶ ምሰሶ ሲጠመጥም እንደማለት ነው። ተዋናዩ መሬት ላይ ተኝቶ እግሮቹን በክብ ወርውሮ በዚያ ኃይል ይነሳል። ዊንድሚልን ያየ ሰው ወዲያው ይለየዋል። የኒውዮርክ ልጆች ደግሞ በታይምስ ስኩዌር አካባቢ፣ በ42ኛ መንገድ ሲኒማ ቤቶች የኩንግ ፉ ፊልም ሲያዩ ነው ያደጉት። ይህን ራሳቸው ደጋግመው ተናግረዋል። ትግልና ጭፈራ የተቀላቀለበት የብራዚሉ ካፖኤራም ይነሳል። ጄሎን ቪዬራ እና ሎሬሚል ማቻዶ ካፖኤራን ይዘው ኒውዮርክ የገቡት በ1975 ነው። ግን ከሮክ ስቴዲ ልጆች መካከል ያኔ ካፖኤራን ጨርሶ አናውቅም ነበር ያሉ አሉ። እኔ እነሱን አምናለሁ። የሰው ትከሻ፣ ዳሌና እግር በየሀገሩ አንድ ነው፤ ሁለት ሰው ሳይተያይ አንድ መንገድ ሊያገኝ ይችላል። በራስ ላይ መሽከርከርንም ብታነሱ፣ የቶማስ ኤዲሰን ኩባንያ በ1898 በቀረጸው አጭር ፊልም ላይ አንድ የጎዳና ልጅ በራሱ ቆሞ ሲሽከረከር ይታያል።

ፍሌር የሚባለው ሌላው ታላቅ ፓወር ሙቭ ደግሞ አባቱ በግልጽ ይታወቃል፤ ከጂምናስቲክ ነው የመጣው። ከርት ቶማስ የተባለው አሜሪካዊ እግሮቹን ከፍቶ በእጁ ላይ እያዞረ በስሙ አስጠራው። በ1978 ስትራስቡርግ ላይ በወለል ጂምናስቲክ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የሰፈር ልጆች ያንን ወስደው ከበሮ ላይ አስቀመጡት።

ታዲያ ለምን የዊንድሚልን ስም ለአንድ ልጅ እሰጣለሁ? ቻይናዊው ተዋናይ በዚያ እንቅስቃሴ ከመሬት ይነሳል፤ ዓላማው መነሳት ነው። የብሮንክሱ ልጅ አልተነሳም። እዚያው መሬት ላይ ቀረ፣ ደገመው፣ ዙሩን ራሱን ጭፈራ አደረገው። ልዩነቱ ለእኔ ትልቅ ነው።

የእኛን እስክስታ ሳስብ ይቆጨኛል። ያንን የትከሻ አመታት መጀመሪያ ያወጣው ማነው? አንገቱን እንደዚያ የሰበቀው የመጀመሪያው ሰው ማን ነበር? አንድ ሰው ነበር። አንድ ሠርግ ላይ፣ አንድ ቀን። ስሙ የለንም። የብሬኪንግ ልጆች ግን የፈጠረውን ልጅ ስም ከእንቅስቃሴው ጋር አብረው ያስተላልፋሉ። አዲስ ተማሪ ሲመጣ እግሩን እንዴት እንደሚወረውር ብቻ አይነገረውም፤ ከማን እንደመጣም ይነገረዋል።

የሌላውን እንቅስቃሴ ቀድቶ የራሱ ያስመሰለ ሰው ደግሞ ‹‹ባይተር›› ይባላል፣ ነካሽ። በእነሱ ዘንድ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። ስለዚህ ዊንድሚል ከአንድ ልጅ ወደ ሌላው ሲሄድ እንዳለ አልሄደም። ተቀባዩ አንድ ነገር መጨመር ነበረበት። አንዱ እጁን ወደ ኋላ አስሮ ያለ እጅ ዞረ፤ ካቴና ተባለ። ሌላው እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ እንደተገነዘ ሬሳ ዞረ፤ ማሚ ተባለ። አንዱ በርሜል ያቀፈ ይመስል ክንዱን አከበበ፤ በርሜል ተባለ። እግር ሰብስቦ በትንሽ ክብ የሚዞርም መጣ። ይሄ የሚከብደው እግር መክፈትን በደንብ ለለመደ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነው። ኦገስት 1981 ሮክ ስቴዲ ክሩ ከኩዊንሱ ዳይናሚክ ሮከርስ ጋር ሊንከን ሴንተር አደባባይ ላይ ተፋለመ። ጋዜጠኞች፣ ፎቶ አንሺዎች፣ ካሜራዎች መጡ። በ1983 ፍላሽዳንስ የሚባለው ፊልም ወጣ። ሮክ ስቴዲ ጥቂት ደቂቃ እንኳ አይታይበትም፤ ዓለምን ግን ለወጠ። በመጨረሻው የፈተና ትዕይንት ላይ ዋናዋ ተዋናይ መሬት ወርዳ በጀርባዋ ስትሽከረከር ታያላችሁ። እሷ አይደለችም። ዊግ ያጠለቀው ክሬዚ ሌግስ ነው። በጀርመንና በጃፓን ቪዲዮ እያስቆሙ፣ ወደ ኋላ እየመለሱ የተማሩ ልጆች ነበሩ። እነሱም ይደግሙ ነበር።

አንድ ቅሬታ ልናገር። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ የሚዞሩት ብዙዎቹ የዊንድሚል ቪዲዮዎች ሙዚቃቸው የተቀየረ ነው። ልጁ በአንድ ዘፈን ዞሯል፣ የለጠፈው ሰው ሌላ ዘፈን አስገብቶበታል። ይህን ሳይ ልቤ ይደማል። ዊንድሚል ምት አለው። ጀርባ፣ እጅ፣ ጀርባ፣ እጅ። ጥሩ ቢ-ቦይ እግሩን የሚወረውረው ስኔሩ፣ ያ ድምፁ ሹል የሆነው ከበሮ፣ ሲመታ ነው፤ ዙሩን የሚያቆመውም ብሬኩ ሲያልቅ ነው፣ ፍሪዝ አድርጎ፣ ድርቅ ብሎ። ሙዚቃውን ከቀየርክበት የቀረው ጂምናስቲክ ነው። በዚህ ጉዳይ በብሬኪንግ ሰዎች መካከል ከ1980ዎቹ ጀምሮ ክርክር አለ፤ ስታይል፣ ማለትም ፉትወርክና ፍሪዝ፣ ወይስ ፓወር? እኔ ክርክሩ የሚነሳው አጀማመሩ ሲረሳ ነው እላለሁ። የመጀመሪያው ዊንድሚል ከፍሪዝ ነው የወጣው፣ ከስታይል ማህፀን።

በ2024 ብሬኪንግ ፓሪስ ኦሎምፒክ ገባ። ኦገስት 9 እና 10፣ ፕላስ ዴ ላ ኮንኮርድ ላይ። በሴቶች ጃፓናዊቷ አሚ፣ በወንዶች ካናዳዊው ፊል ዊዛርድ ወርቅ ወሰዱ። ዳኞቹ ከሚመዝኗቸው አምስት ነገሮች አንዱ የራስ ፈጠራ ነው፤ የራስህን ይዘህ መጣህ ወይ? ሌላው ከሙዚቃው ጋር መስማማት ነው። እዚያ መድረክ ላይ ተራ ዊንድሚል ማንንም አያስደንቅም። እንደ መሸጋገሪያ ነው የሚያገለግለው፤ ከፉትወርክ ወደ ፍሌር፣ ከፍሌር ወደ ፍሪዝ። ሁሉም ግን በእሱ በኩል ያልፋል።

በቃኝ። ልጆች፣ ምንጣፉን ዘርጉ። ወለሉ እርጥበት እንዳይኖረው ጥረጉት።

እናንተ ደግሞ እግራቸውን አትዩ፤ እግር ዓይን ይሰርቃል። ክርናቸውን እዩ። ከእምብርት ጎን ገብቶ ገላውን ሲያነሳው እዩ። አንድ ዙር ከሆነ ዝም በሉ። ሁለተኛው ሲመጣ ምን ብላችሁ እንደምትጮኹ ታውቃላችሁ።